ዝናቡ እንጦጦ፣ ጎርፉ ቀበና

ሰላም ለአዘጋጁ፣ ቀበና ወንዝ ዳር ነው የምኖረው፣ እና ስለ ክላይሜት በተወራ ቁጥር ችግኝ ችግኝ ብቻ መባሉ ስላሰለቸኝ ነው የምጽፈው (ችግኝ አልጠላም፣ በ2011 አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ እኔም ወጥቼ ተክያለሁ)። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዛ ላይ ሲዘንብ እኛ ጋ ጠብ ሳይል፣ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ወንዙ ድንገት ደፍርሶ ይመጣል። አንድ ክረምት ጎረቤቴ ፍራሿን እንኳን ሳታወጣ ውሃው ቤቷ ገባ፣ ለሚመለከተው ቢሮ አመለከትን፣ ነገ ተመለሱ፣ ከነገ ወዲያ ተመለሱ፣ በቃ ክረምቱ አለፈ።

ግን እድር አለን እኮ! ድንኳን አለ፣ የአባላት ስልክ አለ፣ ጥሩምባ ነፊም አለ። እንጦጦ ስር ያሉት እድሮች ሲዘንብ ለኛ ቢደውሉ፣ እኛ ደግሞ ወደ ታች ለአቃቂ ብንደውል፣ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እኮ ነው። ውሃው ክፍለ ከተማ አያውቅም፣ ከኛ አቃቂ፣ ከዛ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዛ አዋሽ ገብቶ እስከ አፋር ይወርዳል፣ የጣልነው ፌስታልም አብሮ። በዛው በአቃቂ ውሃ ጎመን ከሚያለሙት ገበሬዎች ጋር ቁጭ ብለን አውርተን እናውቃለን? የምንጠጣውስ? ለገዳዲ ግድብ ያለው ከከተማው ውጪ ነው፣ የዛ አካባቢ ገበሬ እርከን ካልሰራ አፈሩ ግድቡ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሀሳቡን ለእድራችን ዳኛ ስነግራቸው "እድር ለሞተ ነው" አሉኝ፣ እኔ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሜ አነሳዋለሁ።

የቀበና ነዋሪ፣ አዲስ አበባ