ጥርስ ተነቅሎ የማይድን ቁስል

ለአዘጋጁ፦ ስለ ጥርስ ነቀላ ያወጣችሁት ጽሑፍ የመንጋጋ አጥንትን የሚያበሰብሰውን ፈንገስ ሳይነካው አልፏል። በሽታው ብርቅ ነው፤ ግን ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ላይ ይከፋል። በ2013 ዓ.ም. ህንድ ውስጥ ከኮቪድ ጋር ተያይዞ የተስፋፋው «ጥቁር ፈንገስ» የላይኛውን መንጋጋ ጭምር ይበላ ነበር።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አክስቴ ጥርሷን ከተነቀለች በኋላ ቁስሉ አልድን ብሎ፣ አጥንቱ እስኪታይ ድረስ ሁለት ወር ሙሉ አንቲባዮቲክ ስትቀያይር ከረመች። አንቲባዮቲክ እኮ ባክቴሪያን እንጂ ፈንገስን አይገድልም! በሽታው የሚለየው ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው፤ ሕክምናው ደግሞ የሞተውን አጥንት በቀዶ ሕክምና ማስወገድና የፈንገስ መድኃኒት መስጠት ነው።

የጎጃም ጥርስ ክሊኒኮች ከመንቀላቸው በፊት ስኳር ይለኩ፤ ጣት ወግቶ ማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ካልጠገገም ሌላ ክኒን ከመጨመር ናሙና ይላክ።