ያለ ፈቃድ ስለተቆረጡ የኦርጋን ቧንቧዎች

ለኦርጋን እድሳት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ለንደን

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

አድሳችሁ ያስረከባችሁኝ ኦርጋን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እዚሁ ለንደን ለመኖሪያ ቤት የተሠራ ነው። ከቁም ሳጥን ብዙም አይበልጥም። ወናፉን በደንብ ሠርታችሁታል። አዲሱ ቆዳ አየር አያባክንም፤ ሙጫውም እንደ ጥንቱ በሙቅ ውሃ የሚለቅ ነው። ለዚህ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዬ ቧንቧዎቹ ላይ ነው። ውላችን የቀድሞው የድምፅ ከፍታ እንዳለ ይጠበቃል ይላል። ኦርጋኑ ከቤት ሲወጣ መሣሪያ የሚቃኝበት ኖታ «ላ» ዛሬ ከተለመደው 440 ኸርዝ (በሴኮንድ 440 ንዝረት) በደንብ ወረድ ያለ ነበር። ለዘመኑ ይህ የተለመደ ነው፤ የሙዚቃ ደራሲው የሄንደል የሚባለው የ1751 እ.ኤ.አ. መቃኛ ሹካ እንኳ 422.5 ነው። አሁን ግን ድምፁ ልክ 440 ሆኖ መጥቷል።

የእንጨት ቧንቧዎቹ ነገር ቀላል ነው። አናታቸው በውታፍ የተደፈነ ስለሆነ ውታፉን ገፋ ማድረግ ይበቃል፤ ነገም ወደነበረበት ይመለሳል። የቆርቆሮና እርሳስ ቅይጥ የሆኑት ግን አናታቸው ክፍት ነው። ድምፃቸው ይህን ያህል ከፍ የሚለው ሲያጥሩ ነው። እናንተም ቆረጣችኋቸው።

አንዱን አውጥቼ አየሁት። ገላው በዕድሜ ጠቁሯል፣ የተቆረጠው ጠርዝ ግን ያብለጨልጫል። የድሮው ባለሙያ በሹል ነገር የጫረው የኖታ ፊደል ግማሹ ሄዷል። በዚያ ላይ ማስተካከያ ቀለበት አጥልቃችሁበታል። እነዚህ ቧንቧዎች እኮ የሚቃኙት በናስ ሾጣጣ ነበር። አናታቸውን በስሱ መታ መታ ሲያደርጉት ጠርዙ ከፈት ወይም ጠበብ ይላል፤ መጋዝ ምን አገባው?

ስደውል «ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር እንዲሄድ ብለን ነው» ተባልኩ። ማን ጠየቃችሁ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ቤታችን ውስጥ ፒያኖ የለም።

ስለዚህ ቁርጥራጮቹ ካልተጣሉ አንድም ሳይቀር ይላኩልኝ። የእያንዳንዱ ቧንቧ የቀድሞ ርዝመት ተመዝግቦ ከሆነም እሱን እፈልጋለሁ። ቧንቧዎቹ ተመሳሳይ ቅይጥ ተበይዶባቸው ወደ ቀድሞ ቁመታቸው ይመለሱ። ሥራውን እኔ የምመርጠው ሌላ ባለሙያ ይሠራዋል፣ ወጪው የእናንተ ነው። እስከዚያ ቀሪውን ክፍያ አልከፍልም።

«አይተን እናስተካክል» ተብሎ ሰው እንዳይላክብኝ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የኦርጋኑ ባለቤት