ለልጄ፦ ልጣጩን ለብቻው አስቀምጪው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽንም ጉንፋኑ ለቆታል፤ ሰላም በይልኝ ብሏል።

ባለፈው በስልክ ስናወራ ሁለት ነገር ነገርሽኝ። አንደኛው፣ ሐዋሳ የተከራየሽበት ኮንዶሚኒየም ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ቶሎ ቶሎ ስለማይመጡ የወጥ ቤትሽ ባልዲ እየሸተተ አስቸግሮሻል። ሁለተኛው፣ በረንዳሽ ላይ ቆስጣና ጤና አዳም መትከል አምሮሽ ጥሩ አፈር ከየት እንደምታመጪ ግራ ገብቶሻል። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ሳስበው የሁለቱም መልስ አንድ መሰለኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወንዙ ዳር ወዳለችው ችግኝ መሸጫ ሄድኩ። ከሰዓት ድረስ እዚያው ዋልኩ። ያየሁት በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ።

መሸጫዋን የሚሠሩባት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ከመንገድ ሲያዩዋት እንደ ሌላው ችግኝ ቤት ናት። ጽጌረዳ፣ ዘንባባ፣ ጥድ፣ የአቮካዶ ችግኝ ተደርድሯል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ ነው። በአዲስ ዕቃ የተተከለ አንድም ነገር አላየሁም። ሰላጣው በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ነው። በሶብላው በወተት ጣሳ። ቃሪያው በቀለም ባልዲ። እንጆሪው ደግሞ አግድም በተቀደደ ሃይላንድ ላይ በቅሎ በገመድ ተንጠልጥሏል። ችግኝ የገዛ ሰው ጥቁሩን ፕላስቲክ ከመለሰ ከሚቀጥለው ግዢው ላይ ይቀነስለታል። ዕቃ መያዣ ፌስታል አይሰጡም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ ከማጽደቁ በፊትም አይሰጡም ነበር አሉኝ። እኔ ዘንቢሌን ይዤ ነበር የሄድኩት።

ዋናው ሥራ ያለው ከጓሮ ነው። ከአሮጌ ጣውላ የተመቱ ትልልቅ ሣጥኖች በተርታ ቆመዋል። ኮምፖስቱ፣ ማለትም ከልጣጭና ከቅጠል ብስባሽ የሚሠራው ማዳበሪያ፣ የሚብላላው እዚያ ውስጥ ነው። እኔ ቁጭ ባልኩበት ሰዓት ከጭማቂ ቤት በጋሪ የማንጎና የአቮካዶ ልጣጭ መጣ። ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አተላውን በባልዲ ይዛ መጣች። ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ በኬሻ ተጭኖ መጣ። የሰፈር ሰዎችም ልጣጭ ይዘው ይመጣሉ። ባልዲ ሙሉ ላመጣ ሰው የጎመን ወይም የሰላጣ ችግኝ በነፃ ይሰጡታል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አላቸው፤ ፕላስቲክ የተቀላቀለበትን አይቀበሉም።

ኃላፊዋ ያንቺ እኩያ ናት። ይህን ለምን እንደምታጠብቅ ስጠይቃት፣ "እትዬ፣ ከወጥ ቤት ሲወጣ እኮ ቆሻሻ አይደለም። ቆሻሻ የምናደርገው እኛ ነን፣ አንድ ላይ ስንከተው" አለችኝ። ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ የዋልኩበት ትምህርት ይህን አንዱን ብቻ ብትይዢልኝ ይበቃኛል። ልጣጩ ለብቻው ከሆነ ማዳበሪያ ነው። ሃይላንዱ ለብቻው ከሆነ ቆራሌው በገንዘብ ይገዛሻል። ጣሳውና ቆርቆሮው መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ከሰል ማንደጃ ሆኖ ይመለሳል። የመኪናው ጎማ ስንቱን ገበሬ በረባሶ አድርጎ አጫምቶታል። በዚህ በኩል አገራችን ከማንም የምትማረው ብዙ የለም፤ ዕቃ መጣል አናውቅም ነበር። ችግሩ የሚመጣው የሙዝ ልጣጩ፣ ፌስታሉና የሕፃን ዳይፐሩ በአንድ ከረጢት ሲታሰሩ ነው። ያኔ ልጣጩ ለአፈር አይሆንም፣ ፕላስቲኩም ተጨማልቆ የሚገዛው አይገኝም።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊበሰብስ የሚችል ነገር ነው። ይህ ሁሉ ለዓመታት የተከመረው ረጲ ባለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ ላይ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ሲናድ ከመቶ በላይ ሰዎች ከነቤታቸው ተቀበሩ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን እንደታወጀ ታስታውሻለሽ። እዚያ ቤት ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከእኛ ከረጢት ውስጥ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ። እኛ ሳንለይ የጣልነውን እነሱ በእጃቸው ይለዩልን ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ያዝናል።

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ እዚያው ረጲ ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ጥሩ ነገር ነው። ግን እርጥብ ልጣጭ በደንብ እንደማይነድ ከሰል አቀጣጥላ የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ለማቃጠልም ቢሆን መለየት ይቀድማል። ሳይለይ ከተከመረ ደግሞ አየር የማያገኘው ልጣጭ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። አየር እያገኘ የሚብላላ ኮምፖስት ግን ሚቴን የሚያወጣው እጅግ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ልጅቷ ትልቁ ክምር ውስጥ የተሰካ የብረት ዘንግ ነቅላ "ንኪው" አለችኝ። እጄን መልሼ ሳብኩት፣ ያቃጥላል! ክምሩ በቁመትም በጎንም አንድ ሜትር ያህል ከሆነ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ይህን ሙቀት የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ሙቀቱ የአረም ዘርና ብዙውን በሽታ ይገድላል። ያንቺ ባልዲ ትንሽ ስለሆነ ይህን ያህል አይግልም። ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። የቲማቲም ዘር ሊበቅልብሽም ይችላል፤ ነቅለሽ እዚያው መልሰሽ ክተቺው።

ክዳን ያለው ትልቅ የቀለም ባልዲ ፈልጊ። ምስማር አግለሽ ታቹንና ጎኑን ብሽው። ከሥሩ ውኃ የሚይዝ ሰሃን አድርጊ። መጀመሪያ ደረቅ ነገር አንጥፊ፣ ከዚያ ልጣጭ፣ ከላዩ እንደገና ደረቅ። አንድ እጅ እርጥብ ስትጨምሪ ሁለት እጅ ደረቅ ጨምሪ፤ ሦስትም ቢሆን አይጎዳም። እርጥብ የምልሽ የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የቡና አተላና የሻይ ቅጠል ነው። ደረቅ የምልሽ ደግሞ የደረቀ ቅጠል፣ ጭድ፣ ሰጋቱራ፣ የተቀዳደደ ካርቶንና ጋዜጣ ነው። ለበዓል የጎዘጎዝሽውን ቄጤማ እንዳትጥይው። ሲደርቅ ከሱ የተሻለ ደረቅ አታገኚም። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ ጨምሪ። አመድ ግን እፍኝ ብቻ።

የቡና አተላውን ደግሞ በአንድ ቦታ አትድፊው፤ ይጠጥርና አየር ይከለክላል። ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅቤና ዘይት የነካው ወጥ በፍጹም አይገባም። አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። የታመመ ተክል ቅጠልም ይቅር።

በሳምንት አንዴ በእንጨት ገልበጥ ገልበጥ አድርጊው። ከሸተተሽ እርጥቡ በዝቷል ማለት ነው፤ ደረቅ ጨምረሽ አማስይው። ምንም ለውጥ ካላየሽ ደርቋል፤ ውኃ እርጭ አድርጊበት። ልኩን ለማወቅ እፍኝ አንስተሽ ጭመቂ። አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚልና ዝናብ የመታው መሬት የሚሸት ነገር ይሆንልሻል። ያኔ ድንቹን ከጎመኑ መለየት አትችይም። ብቻውን አትትከዪበት። አንዱን እጅ ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ አፈር ጋር ቀላቅይው።

የትሎቹን ነገር ሳልነግርሽ ብቀር አልተኛም። ትል ትፈሪ እንደነበር አውቃለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ከሣጥኖቹ ጀርባ ጥላ ሥር፣ እርጥብ ኬሻ የለበሱ ገንዳዎች አሉ። ልጅቷ ኬሻውን ስትገልጠው በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቀያይ ትሎች ይርመሰመሳሉ። መሬት ስንቆፍር ከምናያቸው ወፋፍራሞቹ የተለዩ ናቸው። እነዚህ የሚኖሩት በሚበሰብስ ነገር ውስጥ ከላይ ከላይ ነው። የበሉትን አጣርተው የሚያወጡት ብስባሽ የተፈጨ ቡና ይመስላል። ሽታ የለውም፤ አሽትቼዋለሁ። ቤት ውስጥ ለምትኖር ሰው ይህ ከባልዲው ይሻላል ባይ ነኝ። መገልበጥ የለውም፣ ቦታም አይፈጅም።

ትሎቹ የሚመቻቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ለእነሱ የተሠራች አገር ናት። ሐዋሳ ግን ስለሚሞቅ በረንዳ ላይ ፀሐይ እንዳይመታቸው። ወጥ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ብታስቀምጫቸው ይሻላል። መኝታቸው በውኃ የራሰና የተቀዳደደ ካርቶን ነው። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ መግቢያቸው፤ የሰጠሻቸውን ሳይጨርሱ አትደርቢ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ አይወዱም። በርበሬ የነካው ነገርም አይሁን። እነዚህን ወደ ባልዲው ጨምሪያቸው።

እናቴ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር እያልኩ ነው የዋልኩት። ጉራጌ አገር እንሰቱ የሚተከለው ከቤቱ ጀርባ ነው። ከብቱ ማታ ቤት ያድራል። አያትሽ በየማለዳው ፍጉንና አመዱን ጠርጋ እንሰቱ ሥር ትደፋ ነበር። ያ ጓሮ ከእናቷ፣ ከአያቷ የመጣ ነው። ስንት ትውልድ መግቦ መሬቱ አልደከመም። ማዳበሪያ ተገዝቶለት አያውቅም። አሁን አንቺ ባለሽበት በሲዳማም የእንሰት ጓሮ የሚያዘው እንደዚሁ ነው። ወጣ ብለሽ እናቶቹን ጠይቂያቸው፤ ከእኔ በተሻለ ይነግሩሻል።

የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ይህን የገበሬ እውቀት አክብረው የተነሡ ሰዎች ነበሩ። በ1988 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ኮምፖስት መሥራት አስጀመሩ። ለዓመታት ምርቱ ሲለካ፣ ኮምፖስት የገባበት ማሳ ዳፕና ዩሪያ የሚባሉት የፋብሪካ ማዳበሪያዎች ከገቡበት የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ ሰጠ። በተጨማሪም ኮምፖስቱ በሚቀጥለው ዓመትም ይሠራል። የፋብሪካውን ማዳበሪያ ግን ገበሬው በየዓመቱ መግዛት አለበት፤ የሚመጣውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ዶክተር ተወልደብርሃን መጋቢት 2015 ዓ.ም. ሲያርፉ በጣም ነበር ያዘንኩት። ስማቸው በየትምህርት ቤቱ ሊነገር ይገባል እላለሁ።

ከመሸጫዋ ሰዎች ጋር ያልተስማማሁበትም ነገር አለ። ፊት ለፊት የሚታየው ቦታ በሙሉ ለጌጥ ዛፍና ለግቢ ሣር የተያዘ ነው። ያ ሣር ውኃ ይጠጣል፣ የሚበላው የለም። እንዲህ ያለ ግሩም ኮምፖስት እየሠሩ ጎመኑንና ጤና አዳሙን ከጓሮ መደበቃቸው አልገባኝም። ነገርኳት። ደንበኛ የሚጠይቀው ጌጡን እንደሆነና የወጣቶቹ ደመወዝ የሚከፈለው ከእሱ ሽያጭ እንደሆነ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው። ሆኖም ደንበኛ ያላየውን አይጠይቅም፤ ቢያንስ አንድ ተርታ ጎመን ወደ ፊት ያውጡ። ላስብበት ብላኛለች።

በመትከያ ዕቃ ላይ እንዳትቸገሪ። የዘይት ጀሪካን አጥበሽ ቁረጪው፣ ጣሳም ይሆናል። ታቹን መብሳት እንዳትረሺ፤ ውኃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን አጥበሽውም ቢሆን አትንኪው። ለቆስጣና ለሰላጣ አንድ ክንድ የማይሞላ ጥልቀት ይበቃል። ቃሪያ ጠለቅ ያለ ይወዳል። ባሮ ሽንኩርት ስትገዢ ሥሩን ከነነጩ ቆርጠሽ ትከዪው፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጤና አዳሙን ውኃ አታብዢበት።

ጎረቤቶችሽንም አነጋግሪያቸው። አንድ ባልዲ በአንድ ቤት ጥሩ ነው። ደረጃውን የምትጋሩት ሁሉ ልጣጫችሁን ብትለዩ ግን ግቢው ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ሣጥን ይበቃችኋል። ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ሴቶችም ሥራው ይቀልላቸዋል። እርጥቡ ነው የሚከብደውና የሚሸተው።

ለቆስጣና ለሰላጣ ዘር ገዝቻለሁ። አንድ እፍኝ ትልም ከነመኝታው ጣሳ ውስጥ ሰጥታኛለች፤ የአክስትሽ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሐዋሳ ስለሚመጣ ይዞልሽ ይመጣል። ጣሳው ክዳኑ የተበሳ ነው፣ አትክደኚው በሌላ። እስከዚያ ካርቶኑን አርሰሽ ጠብቂ። በረንዳሽ ላይ ፀሐይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገባም አይተሽ ንገሪኝ። ቀኑን ሙሉ ከሆነ የቃሪያውንም ችግኝ እጨምርልሻለሁ።

እናትሽ
ከአዲስ አበባ