እማዬ፣ ማን ጠራህ ያልሽኝ ቀን

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? በስልክ ሁሌ «ደህና ነኝ» ብለሽ ስለምታልፊኝ ነው በደብዳቤ የመጣሁብሽ።

ባለፈው ስመጣ ከወንበር ልትነሺ ስትሞክሪ አየሁ። ሁለት እጅሽን መደገፊያው ላይ ተክለሽ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብለሽ ብድግ ልትይ ስትይ አቃተሽና ተመልሰሽ ተቀመጥሽ። ደግመሽ ሳትሞክሪ እኔ በብብትሽ ገብቼ አነሳሁሽ። ፊትሽ ጠቆረ። «ማን ጠራህ?» አልሽኝ። ያኔ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እውነትሽን ነው።

ጤነኛ አረጋውያን እንኳ 10 ቀን አልጋ ላይ ቢቆዩ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። አንቺ ደግሞ በሳንባ ምች ታመሽ 9 ቀን ተኝተሻል። ሳንባሽ ዳነ፤ እግርሽን ግን ያሰበው አልነበረም። ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ላራምዳት ስትል «ደክማለች፣ ትረፍ» ብዬ የከለከልኩትም እኔው ነኝ። ቤት ከገባሽ በኋላም ቁልፍ አስቀርጬ ራሴ ከፍቼ እገባለሁ፣ ውሃውን አቀርባለሁ፣ የሹራብሽን ቁልፍ እቆልፋለሁ። ያገዝኩሽ መስሎኝ ጉልበትሽን እየቀማሁሽ ነበር።

ሰው ራሱን ችሎ መኖር ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቸግረው ገላ መታጠብ ነው። መቆም፣ ማጎንበስ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይፈለጋሉ። መታጠቢያ ቤት ካዳለጠሽ ወዲህ ሻወር ቀንሰሻል፤ ደረጃውንም ትተሻል። አልተሰበርሽም፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀሽም። የፈራ ሰው ይቀመጣል፣ የተቀመጠ እግሩ ይዝላል፣ እግሩ የዛለ ደግሞ መልሶ ይወድቃል። መያዣ ብረትና የማያዳልጥ ምንጣፍ ይዤ እመጣለሁ። በዚህ አትከራከሪኝ።

የእንቅልፉ ኪኒን ነገርም አላማረኝም። ሌሊት ስትነሺ የሚያዞርሽ ከሱ ሊሆን ይችላል። የግፊቱም መድኃኒት ድንገት ብድግ ሲሉ ያዞራል። በራስሽ ግን እንዳታቆሚው፤ የምትወስጂውን ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስበን ለሐኪሙ እናሳየው። ዓይንሽንም በዚያው እናስመርምር፤ የደረጃውን ጠርዝ በእግርሽ እየዳሰስሽ ነው የምትወርጂው።

ጓደኛሽ ካረፈች ወዲህ ስልክ የማታነሺውን ነገር ደግሞ ስንገናኝ እናወራዋለን። ድብርትም ሰውን ከወንበር ያስቀራል፣ በደብዳቤ ግን አይሆንልኝም።

እስከዚያው ጠዋትና ማታ ከጠንካራው ወንበር እየተነሳሽ ተቀመጪ። ከቻልሽ እጅሽን ሳትደገፊ፤ ካልቻልሽ ተደገፊ፣ ችግር የለውም። ስንት ጊዜ እንደሆነ ቁጠሪና ንገሪኝ፤ ደረት ካመመሽ ወይም ካዞረሽ ወዲያው አቁሚ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ቁልፌን አልይዝም፣ አንኳኩቼ እቆማለሁ። ተረጋግተሽ ተነሺና ክፈቺልኝ፤ ቢቆይም እጠብቃለሁ።

ልጅሽ