ከበረዶው ማግስት ለደረሳችሁልኝ

በኦሮራና በዴንቨር ለምትኖሩ ወገኖቼ፣

በሮኪ ተራሮች ግርጌ የምንኖር ሰዎች በረዶን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 ዴንቨር ላይ የወረደው 2.3 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ጉዳት አድርሷል። ያም ሆኖ ዘንድሮ፣ ለዓመታት ታክሲ ነድቼ የገዛኋትን የ1974 ስሪት ሴስና 172 አውሮፕላኔን ደጅ እንደታሰረች በረዶ ቀጥቅጧት ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ።

ከሁሉ በፊት የማመሰግነው፣ ስማቸው እንዳይጠራ የለመኑኝን፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥገና ክፍል ያገለገሉትን ጋሼን ነው። «በቀትር ብርሃን ስርጉድ አይታይም፤ ሲመሽ እንመለስ» አሉኝ። ማታ የእጅ ባትሪያቸውን ክንፉ ላይ አጋድመው ሲያበሩት እያንዳንዱ ስርጉድ ጥላ ጣለ። ልከብባቸው እርሳስ ሳወጣ እጄን ያዙኝ፤ ለካ የእርሳስ ግራፋይት አሉሚኒየምን ያስበላል! በሚታጠብ ቀለም ምልክት አደረግን።

የክንፉን የፊት ጠርዝና የሪቬቶቹን (ቆርቆሮውን የሚያያይዙትን ምስማሮች) መስመር በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ጅራቱ ላይ፣ አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ኤሌቬተሩ ዘንድ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆሙ። እኔ ስርጉዱን በስቱኮ ሞልቼ ቀለም ልቀባው አስቤ ነበር። «መኪና መሰለህ እንዴ ልጄ? ከማጠፊያው ኋላ ክብደት ከጨመርክ ሚዛኑ ይዛባል፤ አየር ላይ መርገብገብ ከጀመረ ጅራቱን ይገነጥለዋል» አሉኝ። ፈቃድ ያለው መርማሪ በማግስቱ ሲመጣ፣ ጋሼ ምልክት ያደረጉበት ሪቬት አጠገብ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ አገኘ። ያን ስንጥቅ ይዤ ልነሣ ነበር። ልጄን አሳፍሬ!

መሰላል ላይ ወጥታ ስርጉዶቹን አንድ በአንድ የቆጠረችውን የኢንሹራንስ ገማች አመሰግናለሁ። የጥገናው ወጪ አውሮፕላኗ ኢንሹራንስ ከተገባላት ዋጋ ጋር ከተጠጋ፣ መብረር የምትችል እንኳ ብትሆን «ጠፍታለች» ልትባል እንደምትችል ሳትቸኩል አስረዳችኝ። የእኛዋ ለጥቂት ተረፈች።

ኢንሹራንሱ ያልሸፈነውን እንድከፍል ዕጣችሁን ለለቀቃችሁልኝ የእቁብ አባላት፣ እስከ አውሮፕላን መጠለያው ሃንጋር ድረስ ቡናና ዳቦ ላመጣችሁልን እናቶች ምን ብዬ ልመልስ? እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

ኤሌቬተሩ በአዲስ ቆርቆሮ ተለብጦ፣ ሚዛኑም እንደገና ተለክቶ ባለፈው ቅዳሜ ተነሣን። ጋሼ በቀኝ ወንበር ተቀምጠው ነበር። እስክናርፍ ድረስ ዓይናቸውን ከክንፉ ላይ አልነቀሉም።