ይድረስ ለአዘጋጁ፦ «ፈሳሹ ማግኔት» አይቀዳም

ክቡር አዘጋጅ፣

«ሳይንቲስቶች በፈሳሽ ማግኔት ውስጥ አዲስ ቅንጣት አገኙ» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዜና አንድ ተማሪዬ ክፍል ይዞት መጣ። «ቲቸር፣ በጠርሙስ ይቀዳል?» አለኝ። በልጁ አልፈርድም፤ ርእሱ ነው ያሳሳተው።

«ፈሳሽ ማግኔት» ያላችሁት፣ በሳይንሱ ስሙ «ኳንተም ስፒን ሊኩዊድ» የሚባለው ነገር፣ ድንጋይ ነው። በሰፊው የተጠናው ኸርበርትስሚታይት መዳብና ዚንክ ያለበት አረንጓዴ ማዕድን ነው፤ አቶሞቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። የማይረጉት ስፒኖቹ ናቸው፤ ስፒን ማለት እያንዳንዱን ኤሌክትሮን እንደ ትንሽዬ ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይ ነው። በተራ ማግኔት ቅዝቃዜው ሲበረታ ስፒኖቹ ሥርዓት ይዘው ይሰለፋሉ፤ እዚህ ግን ከፍፁም ዜሮ በላይ 0.05 ዲግሪ ድረስ ቢቀዘቅዙም አልተሰለፉም። ምክንያቱ የመዳብ አቶሞቹ በሦስት ማዕዘን መቀመጣቸው ነው። እያንዳንዱ ስፒን የጎረቤቱ ተቃራኒ መሆን ይፈልጋል። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ካለ ሦስተኛው ወዴት ይዙር? የትም ቢዞር ከአንዱ ጋር ይጣላል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ፊሊፕ አንደርሰን እንዲህ ያለው ጠብ ስፒኖቹን ጨርሶ እንዳይረጉ ሊያደርግ እንደሚችል የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። (የአቀማመጡ ስም «ካጎሜ» የመጣው ከጃፓን የቀርከሃ ቅርጫት ነው። በእኛ ሰፌድ ላይ አትፈልጉት፤ የእኛ እየዞረ የሚሰፋ ነው።)

«አዲስ ቅንጣት» ስላላችሁት ደግሞ፣ ከታክሲ ሰልፍ መሀል አንድ ሰው ሲወጣ የሚተወውን ክፍተት አስቡ። ከኋላ ያለው ሲጠጋ ክፍተቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቀጣዩም ሲጠጋ እንዲሁ። ክፍተቱ ሰው አይደለም፤ ግን የት እንደደረሰና ፍጥነቱን መናገር ይቻላል። ሰልፉ ሲበተን እሱም የለም። ስፒኖን የሚባለው የእናንተ «አዲስ ቅንጣት»ም እንዲሁ ከድንጋዩ ተነጥሎ አይወጣም። እኔን እስካሁን የሚደንቀኝ ግማሽነቱ ነው፦ በተራ ማግኔት የሚነሳው ሞገድ ስፒኑ 1 ሲሆን፣ እዚህ ያ አንዱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሽ ግማሹ በየፊናው ይሄዳል፤ የኤሌክትሮንን ስፒን ይዞ፣ ቻርጁን ትቶ።

«አገኙ» የሚለውም ቸኩሏል። እ.ኤ.አ. በ2012 የኤምአይቲ (የአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ) ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ክሪስታሉ ላይ ኒውትሮን ሲያሳርፉ ኢነርጂው ሰፋ ብሎ ተዘርግቶ ታየ፤ ሁለት ስፒኖኖች ሲካፈሉት የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ጠንካራ ምልክት ነው። ይሁንና አንዳንድ የዚንክ ቦታ ላይ መዳብ እየገባ ውጤቱን ስለሚያደበዝዘው ክርክሩ አልተዘጋም።

በሚቀጥለው እትም ርእሱን አርሙልን። ተማሪዬ ዜናውን ቆርጦ ደብተሩ ላይ ለጥፎታል፤ ለእርማቱ ከጎኑ ቦታ አስተርፌለታለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር
ደብረ ብርሃን