ጎተራው አያፈስም

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ?

ጠፋሁብህ። ሦስት ዓመት ሙሉ! «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ልልህ አስቤ ነበር፤ አንተ ግን ስለምታውቀኝ አያዋጣም። መጀመሪያ ሰነፍኩ። ከዚያ አፈርኩ። ካፈርኩ በኋላ ደግሞ መጻፉ ጭራሽ ከበደኝ። ይኸው ነው።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ አንድ እንጨት ነው። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ሄጄ ነበር። ሠላሳ ቤት ቢሆን ነው። የድሮ ቤቶችን ልይ ብዬ ነው የሄድኩት። የተቀበሉኝ አዛውንት ግን ቤታቸውን በአምስት ደቂቃ አሳይተው ጨረሱና «ና ልጄ፣ ዋናውን ላሳይህ» ብለው ወደ ጓሮ ይዘውኝ ሄዱ። ጎተራ!

ቤታቸው ያፈሳል፤ ጎተራው ግን ጠብ አይልበትም። ሳቄ መጣ። በኋላ ሳስበው እውነታቸውን ነው። ሰው ዝናብ ቢመታው ልብሱን ይቀይራል። እህል ግን ከረጠበ ይሻግታል፤ ዓመቱም አብሮት።

ጎተራው መሬት አይነካም። ስድስት አጫጭር እግሮች ላይ ቆሟል። በየእግሩ አናት ከእግሩ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል። አይጥ እግሩን ይዛ ትወጣለች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ግን እንደ ዝንብ በጀርባዋ ተንጠልጥላ መሄድ ስለማትችል ትመለሳለች። በሰሜን ስፔን፣ ጋሊሲያና አስቱሪያስ ያሉት የድሮ ጎተራዎችም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ደረጃው እንኳ ከበሩ አይገናኝም፤ አንድ እርምጃ ሲቀረው ያልቃል። እሱም ለአይጥ ነው። እኔ ሳላውቅ ቀና ብዬ ስሄድ እግሬ አየር ረገጠ! አዛውንቱ ክንዴን ባይዙኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ በግራ እጄ ነበር የምጽፍልህ።

ከዚያ ወደ ድርቆሽ ቤቱ ገባን። በሳንቃዎቹ መሃል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ያረጀ መስሎኝ ነበር። ለካ ሆን ተብሎ ነው፤ አየር እንዲያልፍ። አዛውንቱ ክምሩ ውስጥ ተሰክቶ የነበረ ረጅም የብረት ዘንግ መዘዙና «ንካው» አሉኝ። ቀዝቃዛ ነው። «ጥሩ» አሉና መልሰው ሰኩት። ሣሩ በደንብ ሳይደርቅ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከተከመረ፣ ውስጥ ለውስጥ ይግላል። ያልሞተው ሣር ይተነፍሳል፤ በዓይን የማይታዩት ተሕዋስያን ደግሞ ይበሉታል፤ ሁለቱም ሙቀት ያወጣሉ። ማንም ክብሪት ሳይጭር ከሳምንታት በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘንጉ ሲመዘዝ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ሰው ጠርቶ ውኃ ማዘጋጀት ነው እንጂ ክምሩን ዝም ብሎ መበተን አይሆንም። አየር ሲያገኝ ቦግ ይላላ!

ሌሎቹ ቤቶች እንግዲህ ቤት ናቸው። አንዱ ብቻ ገረመኝ፤ መኝታ ቤቱና በረቱ በአንድ ግድግዳ የተለያዩ ናቸው። ግድግዳውን ስዳስሰው ለብ ይላል። አንዲት የምትታለብ ላም ከ1 ኪሎዋት የማያንስ ሙቀት ታወጣለች፤ የአንድ ትንሽ ማሞቂያ ያህል ማለት ነው። ሽታው ግን... ተወው።

አሁን ወደ እንጨቱ ልምጣ። የመጨረሻው በረት ውስጥ አንድ ወፍራም ምሰሶ አለ። ወገቡ ላይ በመሮ የተበሱ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፤ ምንም አልገባባቸውም። ጠርዛቸው ጥርት ያለ ነው። ሥራ የሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ይህ እንጨት ከዚህ በፊት ሌላ ቤት ነበረ ማለት ነው። አዛውንቱ «አባቴም እንዲሁ ነው ያገኘው» አሉኝ። አንዱን ቀዳዳ በጣቴ ለካሁት፤ ወርዱ ሁለት ጣት፣ ቁመቱ አንድ ጋት፣ ጥልቀቱ የመሃል ጣቴን ይውጣል።

የበር ጉበን ነበር? ወይስ የፎቅ ወለል ተሸክሞ ነበር? ካንተ ሌላ የምጠይቀው አናጢ የለኝም። ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ። ደግሞ ስልክህ ያው የድሮው ነው ወይስ ቀየርክ?

ያንተው